ከ«ጎረቤት» የሚመጣው ክሬም ካራሜል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ይህን ደብተር የገዛሁት የደንበኞችን ልክ ልጽፍበት ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአንዲት ሙሽራ ደረት፣ ወገብና ዳሌ ተጽፏል። ከዛሬ ጀምሮ የራሴን ጉድ ልጽፍበት ነው። ለሰው ከምነግር ለወረቀት ብነግር ይሻላል፤ ወረቀት ከንፈሩን አይመጥም።

ባሌ ገላውን እየታጠበ ነበር። ስልኩ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ልክ አንድ ሰዓት ምሽት ላይ ጠረጴዛው ነዘረ። መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ላኪው «ጎረቤት» ይላል። መልእክቱ አንድ ፊደል የለውም፤ ሥዕል ብቻ። ትንሽ ሳህን ላይ የተቀመጠ ቢጫ ነገር፣ ከላዩ ቡናማ ፈሶበታል። መጀመሪያ ባርኔጣ መሰለኝ። ትኩር ብዬ ሳየው ክሬም ካራሜል ነው፤ ያ ማንኪያ ሲነካው የሚንቀጠቀጠው ጣፋጭ።

ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ሰውዬው ጣፋጭ አይወድም። በሠርጋችን ቀን እንኳ የኬኩን ክሬም በቢላ ጠርጎ ነው የበላው።

ፎጣ አገልድሞ ወጣና ስልኩን አነሣ። እኔ ሰሃን እየደረደርኩ በመስኮቱ መስታወት አየሁት። ፈገግ አለ። ከዚያ በአንድ ጣቱ የሆነ ነገር ነካ ነካ አደረገና ይዞት መኝታ ቤት ገባ።

ጎረቤት ማን ናት?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ትናንትም መጣ። ዛሬም። ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ላይ። እንደ ዜና።

ዛሬ ስልኩን ከፍቼ አየሁት። የተጀመረው ጥቅምት 1 ነው። እሷ ትልካለች፣ እሱም ያንኑ ይመልሳል። ትናንት ግን እሱ የላከው ማንኪያ ነው። ባዶ ማንኪያ። ክሬም ካራሜል፣ ከዚያ ማንኪያ። ምን ማለት እንደሆነ ላለመገመት ብዙ ደከምኩ።

የይለፍ ቃሉ የተጋባንበት ዓመት ነው። ያንን ስነካ ጣቴ አፍሯል።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

የእህቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። እሑድ እሑድ ልብሷን ይዛ ትመጣለች፤ ታጥባ፣ በልታ፣ ሰድባኝ ትሄዳለች። ሥዕሉን ወረቀት ላይ ስዬ አሳየኋት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የመብራት ሽፋን?»

«ክሬም ካራሜል ነው። ስልክ ላይ ያለው። አንዲት ደንበኛ ላከችልኝ፤ ምን ማለቷ እንደሆነ አላወቅሁም።»

«አይ አክስቴ፣ ኢሞጂ እኮ እንደ ላኪው ነው» አለችና ዳቦዋን አስቀምጣ ለትምህርት ተዘጋጀች። «የክፍላችን ልጆች ፈተና ሲቀላቸው ይልኩታል፤ ለስላሳ ነበር፣ ሳናኝከው ወረደ ለማለት። አብራኝ የምታድረው ልጅ ደግሞ ስትፈራ ነው የምትልከው፤ ተንቀጠቀጥኩ ማለቷ ነው። መጀመሪያ የመጣው ከጃፓን ስልኮች ነው ይላሉ፤ እዚያ ፑሪን ይሉታል፣ የልጆች ነገር ነው። የሚንቀጠቀጥ ጣፋጭ።»

«ወንድና ሴት ሲላላኩትስ?»

ዳቦዋን እንደገና አነሣች። «የቷ ደንበኛ ናት?»

«ለጥያቄዬ መልሺልኝ።»

«አንዳንድ ወንዶች... ሴት ስትራመድ ከኋላዋ የሚንቀጠቀጠውን ነው የሚሉበት። ይቅርታ አክስቴ፣ አንቺ ነሽ የጠየቅሽው።»

ሥዕሉን ቀዳድጄ ጣልኩት። ባሌ ከመኝታ ቤት ብቅ ብሎ «ምን ያስቃችኋል?» አለ። ማንም አልሳቀም ነበር። ድምፁ ሻክሯል፤ ጠመኔው ነው ይላል። ጂኦግራፊ ሲያስተምር ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው፣ ጠመኔው ዘንድሮ ነው እንዴ የጀመረው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሱሪውን በመስከረም ሁለት ጣት አጥብቤለት ነበር። ዛሬ ጠዋት ቀበቶውን በርጩማው ላይ አየሁት፤ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቶበታል፤ ጠማማ ቀዳዳ። ለእኔ ቢሰጠኝ በመብሻ አስተካክዬ እበሳለት ነበር። ከባለሙያ የሚደበቅ ወገብ ለማን ነው የሚቀጥነው?

ስፌት ቤት ውስጥ ሳላስበው አወራሁት። ቁልፍ ሰፊዋ ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ አፏ ውስጥ መርፌ ይዛም ታወራለች።

«ወንድ ልጅ በአምሳ አምስት ዓመቱ የሚከሳው በሁለት ነገር ነው» አለች። «አንዱ ፍቅር ነው።»

ሁለተኛውን አልጠየቅኋትም። ሥራ ነበረብን።

አንገቱ ላይ ሻርፕ ማድረግ ጀምሯል። ቤት ውስጥም አያወልቀውም። ብርድ ነው ይላል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

አገኘኋት። ወይም ያገኘኋት ይመስለኛል።

ከእኛ በታች የምትኖረው ባሏ የሞተባት ሴት ኬክ ቤት ነው የምትሠራው። ጎረቤትም ናት፣ ጣፋጭም ትሠራለች። አንድና አንድ ሁለት ነው። ደረጃ ላይ አግኝታኝ ሣቅ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«እትዬ፣ ለመምህሩ ዛሬም ሁለት አስቀምጬላቸዋለሁ ይበሏቸው። እሳቸው እንደሆኑ ለስላሳውን ነው የሚመርጡት።»

«ምን ሁለት?»

«ክሬም ካራሜል ነዋ። ለእርስዎ አይደለም እንዴ የሚወስዱት?»

ለእኔ። ለእኔ አንድም ቀን ክሬም ካራሜል አላመጣልኝም። ደረጃውን ወጥቼ በሩን ስዘጋ እጄ ከበድ ብሎ ነበር፤ ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል። የኬክ ቤቱን ገጽ የእህቴ ልጅ ፈልጋ በስልክ ላከችልኝ፤ ትእዛዝ ሲደርስ ያንኑ ሥዕል ነው የሚለጥፉት። ዝግጁ ነው፣ መጥታችሁ ውሰዱ ማለት ነው። ዝግጁ ነኝ፣ መጥተህ ውሰደኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ከምሳ በኋላ ማጠናከሪያ ትምህርት አለኝ ይላል። በየቀኑ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከመስከረም ጀምሮ። ዛሬ የደንበኛ ቀሚስ አደርሳለሁ ብዬ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ።

ዘበኛው በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማል። አላወቀኝም።

«መምህሩ ከስድስት ሰዓት በኋላ የሉም። ወር ሊሞላቸው ነው» አለ።

«ማጠናከሪያ የላቸውም?»

«ኧረ የላቸውም፣ እመቤቴ። ኀይለኛ ሰው ነበሩ እኮ። እግዜር ይማራቸው።»

ይማራቸው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ኃጢአቱን ያውቃል፣ ምሕረት ይለምንለታል፣ እኔ ሚስቱ ቀሚስ ተሸክሜ በር ላይ ቆሜያለሁ። አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ቃሉን ሳኝከው ሳኝከው አንድ ነገር ጎረበጠኝ፤ ምን እንደሆነ አላውቅም። አልፈለግሁትም መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ለእራት የምወደውን፣ እሱም የሚወደውን ሩዝ በሥጋ ሠራሁ። ሦስት ማንኪያ በልቶ ሳህኑን ገፋው። ጥርሴን አመመኝ አለ። የአትክልት ሾርባ ሠራሁለት፤ እሱንም ፈሳሹን ብቻ ጠጣ። ሌላ ቦታ የጠገበ ሰው እንዲህ ነው።

ከዚያ ሻርፑ ተፈታ። ፈጥኖ ሸፈነው፣ እኔ ግን አይቻለሁ። አንገቱ ላይ፣ ከጆሮው ዝቅ ብሎ፣ እጅ የሚያህል ቀይ ምልክት። የማላውቀው ቅባትም ይሸታል። ሃያ ዓመት ሴቶች ልብስ ሲለኩ አንገታቸውን ሳይ ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ምልክት ምን እንደሆነ ማንም አይነግረኝም።

ለብቻው ሳሎን ይተኛል። እንዳላስልብሽ ብዬ ነው ይላል። ሳሉን በግድግዳው እሰማለሁ። ወንድሜም

አይ። ስለ ወንድሜ ለመጻፍ አይደለም ይህን ደብተር የያዝኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

አደረግሁት።

ጠዋት ፊቱን ሲላጭ። ስልኩን ከፈትኩ። ጎረቤት። እላዩ ላይ «አግድ» የሚል ቃል አለ። ነካሁት። ውይይቱም ስሙም ይሰረዝ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይሰረዝ።

ትርፍ ክር እንደ መቁረጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ፤ የሙሽራዋን እጅጌ ግን ገልብጬ ሰፍቼው ተገኘሁ። ቁልፍ ሰፊዋ አይታ ፈታችው።

ማታ አንድ ሰዓት ሆነ። ጠረጴዛው አልነዘረም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ስልኩን ይነካካል፣ ያስቀምጣል፣ ያነሣል። አጥፍቶ አበራው። ቻርጀሩን ነቅሎ ሰካው። ስለ ስልክ የሚያውቀው ይኸው ነው።

«ስልኬን ነክተሽው ነበር እንዴ?» አለኝ።

«እኔ ስልክህን ምን ልሠራበት?»

አመነኝ። እንዲያ ቶሎ ማመኑ ነው የከነከነኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ትናንትም ዛሬም በስድስት ሰዓት ቤት ገባ። «ማጠናከሪያው አልቋል» አለ። የማላውቀው መስሎት። አለቀ፤ ቢፈልጋት አጣት፣ ብትፈልገው አጣችው፣ ተስፋ ቆረጠ። በስንት ዘመኔ አሸነፍኩ።

መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ ይውላል። ይተወዋል ቀስ በቀስ። የሴት ነገር እንደ ጉንፋን ነው፣ ይለቃል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ቤቱን መውደድ ጀምሯል። ዛሬ የውኃው ቧንቧ ሲፈነዳ ከየት እንደሚዘጋ ወስዶ አሳየኝ። የመሣሪያ ሳጥኑን አጸዳ፣ እያንዳንዱ ነገር ምን እንደሆነ በወረቀት ጽፎ ለጠፈበት። ለእህቴ ልጅ ትልቁን የዓለም ካርታውን ጠቅልሎ አስቀመጠላት፤ ማንም እንዲነካው የማይፈቅደውን።

«ለምን አሁን?» አልኩት።

«ቦታ ያዘ» አለ።

እራት አልበላም። ውኃ ሲጠጣ ዓይኑን ይጨፍናል። እንዲህ የሚያደርገው ስለናፈቀችው ነው ይላል ልቤ። ልቤ ሌላም ይላል። ሌላውን አልሰማሁትም።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

የቤቱ ስልክ ጮኸ። ሴት ናት። ወጣት ድምፅ። በሙሉ ስሙ ጠራችው።

«ምን ሆነው ነው የቀሩት? ስድስተኛ ቀናቸው ነው። እንዲህ ሲቋረጥ ጥሩ አይደለም እኮ።»

ይህን ያህል ድፍረት። ማን ነሽ አልኳት።

ከየት እንደምትደውል ነገረችኝ።

ተሳስተሻል፣ እንዲህ ያለ ሰው እዚህ የለም አልኩና ዘጋሁት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ዛሬ ሁለት ኮትና የትምህርት ቤት ልብሶች ጨረስን። አርባ ሁለት የቁልፍ ቀዳዳ። አሥራ አራት ዚፕ። ግራጫው ክር አልቋል፣ ይገዛ። የመቀሱ ብሎን ላልቷል።

ስልኩ እንደገና ሁለት ጊዜ ጮኸ። አላነሣሁም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ልጻፈው እንግዲህ። ልጅቷ የደወለችው ከሆስፒታሉ የጨረር ሕክምና ክፍል ነው። ወንድሜ የዛሬ ሦስት ዓመት ከተኛበት ሕንፃ። እሱን ቀብረን ስንመለስ ያንን በር ዳግመኛ አላይም፣ ከእንግዲህ ማንንም አላስታምምም፣ ሌላ ሰው ሲከሳ ከማይ ዓይኔ ይጥፋ ብዬ ነበር። ባሌ ትከሻዬን ይዞ ሰምቶኛል።

ሁለት ቀን ሙሉ አየሁት። ዓይን ያለው ሰው በአንድ ቀን ያየው ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አራት ጣት ወገብ የት እንደሚሄድ ካላወቅሁ ማን ያውቃል?

ዛሬ ከሰዓት ሱቁን ለቁልፍ ሰፊዋ ትቼ መጣሁ። መስኮቱ አጠገብ ነበር። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ጨረር ክፍል ደውለው ነበር» አልኩት።

ሻርፑን ፈታው። ምልክቱ ምልክት አይደለም፤ ቆዳው ተቃጥሎ ተልጧል። ከሸሚዙ አንገትጌ ጋር እንዳይነካካ ውስጡን በጋዜጣ ወረቀት ደግፎታል። እኔ እያለሁ፣ ለስላሳ ገበር ልሰፋለት እየቻልኩ፣ ጋዜጣ።

«ጉሮሮዬ ላይ ነው» አለ። «ቶሎ ተገኝቷል አሉኝ። ሠላሳ ሦስት ቀን ነው። ሃያ አምስቱን ጨርሻለሁ።»

«እስከ መቼ ልትደብቀኝ ነበር?»

«እስኪያልቅ። ዳንኩ ብዬ ልነግርሽ። አለዚያም...» እጁን አወራጨ። «ያንን በር አላይም ብለሽ ነበር።»

«እኔ ሴት የያዝክ መስሎኝ ነበር።»

ሣቀ፤ ድምፅ የሌለው ሣቅ፣ ትከሻው ብቻ። ከዚያ አየኝና ሣቁን ተወው። «ሴት ቢሆን ይሻልሽ ነበር?»

ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ይሻለኝ ነበር። ሴት ብትሆን ፀጉሯን እነጫለሁ፣ እረግማለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ቁልፍ ሰፊዋ ታጽናናኛለች። ለዚህ ነው ሌላውን ሳላይ እሷን ስፈልግ የከረምኩት።

«ለምን አቆምክ ታዲያ? ስምንት ቀን ሲቀርህ።»

«ጎረቤቴ ሞተ» አለ።

የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው። በአንድ ሳምንት ነው የጀመሩት፤ የሹፌሩ ሕክምና ግን አጭር ነበር። በየቀኑ ተራ ሲጠብቁ ወንበራቸው ጎን ለጎን ስለሆነ ነው ጎረቤት የተባባሉት። መጀመሪያ ቀን የምግብ ባለሙያዋ መዋጥ እንዲለማመዱ ለሁለቱም ክሬም ካራሜል አቀረበችላቸው፤ ሹፌሩ አንዲት ማንኪያ ለመዋጥ እንደ ዳገት መኪና አቃሰተ፣ ዋጠና «ወረደ» ብሎ እጁን አነሣ። የአጠገቡ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሹፌሩ ሕክምናውን ጨርሶ ወደ ከተማው ሲመለስ ተስማሙ፦ በየቀኑ አንድ ሰዓት ላይ፣ ምግብ የዋጠ ሰው ያንን ሥዕል ይልካል። ሞክሮ ያቃተው ማንኪያ ይልካል።

«እሱ አንድም ቀን ማንኪያ አልላከም» አለ ባሌ። «እኔ ሳለቅስ እሱ ይውጣል። ለሱ ስል ነበር ከታችኛዋ ልጅ ኬክ ቤት ሁለት ሁለት የምወስደው፤ አንዱ ሲያቅተኝ ሌላውን እሞክር ነበር፣ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ። ጥቅምት 20 ማታ ዝም አለ። በማግሥቱም። ስሙም ከስልኬ ጠፋ፤ ሰው ሲሞት ስልኩ ይዘጋል መሰለኝ። እሱ ጠንካራው ነው፤ እሱ ካልቻለ እኔ ምን ብዬ ልቻል?»

ተነሣሁና ሰሃን አጠብኩ። ንጹሕ ሰሃን ነበር። ነገ አብሬህ እሄዳለሁ አልኩት ጀርባዬን ሰጥቼው። ሌላውን ግን አልነገርኩትም። ዛሬ እንኳ፣ ይህን ሁሉ ሰምቼ፣ አልነገርኩትም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

በሩን አየሁት። ቀለም ቀይረውለታል፤ ሽታው ያው ነው። ደፉ ላይ ቀጥ ስል ባሌ ክንዴን ያዘኝ፤ በሽተኛው እሱ ነው፣ የተደገፍኩት እኔ። የደወለችው ልጅ ድምፄን አወቀችው መሰለኝ፤ ደግነቷ፣ ወንበር ሳበችልኝ። ሐኪሙ ስለ ተቋረጠው ሁለት ቀን ጨመረበት። ተቆጣ፣ ግን ተቀበለው።

ባሌ ሲገባ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። የታገዱ ቁጥሮች ዝርዝር ውስጥ ገባሁ፤ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። ደወልኩ። እባክህ አትሙት፣ እባክህ አትሙት እያልኩ።

ሴት አነሣችው። የሹፌሩ ልጅ ናት።

«አባቴ አለ» አለች። «እሱ ነው እንጂ የእርስዎ ባለቤት ሞቱ ብሎ ሐዘን የተቀመጠው። ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። ማታ ማታ ይልካል፣ መልስ የለም። ጥቁር ኮቴን አውጡልኝ ብሎ ጽፎልን ነበር።»

የሆነውን ነገርኳት፤ ሁሉንም፣ ኮሪደሩ ላይ ሰው እየሰማኝ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። እሷም የምትነግረኝ ነገር ነበራት።

«ለባለቤትዎ እንዳይነግሩብኝ። አባቴ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ምንም ነገር አልዋጠም። በአፍንጫው በገባ ቱቦ ነው የምንመግበው። ድምፁም የለም። ያንን ሥዕል የሚልከው እሳቸው እንዲበሉ ብሎ ነው። እኔ ማንኪያ ከላክሁ እሱም ይተወዋል ብሎ ይጽፍልኛል።»

አልነግርም ብዬ ቃል ገባሁላትና ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከሁሉም ሰው ያልዋሸሁት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር ይህን ደብተር የያዝኩት። ዋሽቻለሁ። የእኔ ውሸት ሰው ሊገድል ምንም አልቀረው፤ የሹፌሩ ውሸት ሰው በእግሩ አቆመ።

ባሌ ሲወጣ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ነገርኩት፤ የእኔን ብቻ። ያገድኩት እኔ ነኝ፣ ሰውዬው አልሞተም አልኩት። ስለ ቱቦው አልነገርኩትም።

ግድግዳውን ያዘ። ያፈቀርኩትን ፊት እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«በሕይወት አለ?» አለ። ደጋግሞ እሱን ብቻ ነው የጠየቀኝ። እስከ ቤት ድረስ ሌላ ቃል አልተናገረኝም።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ሦስተኛ ቀን። አብረን እንሄዳለን፣ አብረን እንመለሳለን፣ አይናገረኝም። የይለፍ ቃሉን ቀይሮታል። ተገቢ ነው።

ሥዕሉ ግን ተመልሷል። ዓርብ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ሲነዝር ወንበሩ ላይ ሆኖ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ሸሚዞቹን ሁሉ አንገትጌያቸውን ፈትቼ በለስላሳ ጨርቅ ገበር ሰፋሁላቸው። ሰባት ሸሚዝ። አልጋው ላይ ዘረጋሁለት። ጠዋት አንዱን ለብሶ ወጣ።

ወደ ታችኛዋ ጎረቤትም ወርጄ ነበር። ባለፈው በር የዘጋሁብሽ ስለ ሌላ ነገር ተናድጄ ነው አልኳት። «ገብቶኛል፣ እትዬ» አለች፤ ምን እንደገባት አላጣራሁም። ብቻዬን ቁጭ ብዬ አንድ ክሬም ካራሜል በላሁ፤ በዕድሜዬ የመጀመሪያው። በጣም ይጣፍጣል። ይቅርታ ለመጠየቅ የሄደ ሰው እንዲህ ያለ ነገር መብላት የለበትም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

የመጨረሻው ቀን። አለቀ። ውጤቱን ከሁለት ወር በኋላ ነው የሚነግሩን፤ ሐኪሙ ፊቱ ክፉ አይደለም።

ሲወጣ ቦርሳውን ተቀበልኩት። «ሾርባው ላይ ድንች ጨምሪበት ዛሬ» አለኝ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ የተናገረኝ ረጅሙ ነገር ነው።

እራት ላይ አምስት ማንኪያ ሞከረ፣ አምስቱም አልወረደም። ፎጣ ላይ ተፋው። አንድ ሰዓት ሆነ። ስልኩን አነሣ። ከትከሻው በላይ አየሁ፤ ክሬም ካራሜሉን ነው የላከው።

ማየቴን አወቀ። ፎጣውን ወስጄ አጠብኩት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ሹፌሩ ጋ ሄድን። «ሳላየው አይሆንም» ብሎ ባሌ ነው ያሰበው። በአውቶቡስ አምስት ሰዓት። መንገድ ላይ ስለ ቱቦው ልንገረው፣ ልተወው እያልኩ ጣቴን ስነክስ ደረስን። አልነገርኩትም፤ ቃል ገብቼ ነበር።

በሩን ሹፌሩ ራሱ ከፈተ። ትልቅ ሰው ነው፤ አጥንቱ ትልቅ ነው ማለቴ ነው፣ ሥጋው የለም። ቱቦው በአፍንጫው ገብቶ ጉንጩ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። ባሌ ደፉ ላይ ቆሞ ቱቦውን አየ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ በዚያ በሻከረ ድምፁ።

ሹፌሩ ድምፅ የለውም። የልጅ ልጁን ጥቁር ሰሌዳ አንሥቶ በጠመኔ ጻፈ፦ «ከጥቅምት 14»።

«ውሸታም» አለው ባሌ።

ሹፌሩ አጥፍቶ ጻፈ፦ «አንተስ ሁሌ ዋተሃል?»

ባሌ ጠመኔውን ተቀብሎ «ተ» የምትለዋን ሰርዞ «ጥ» አደረጋት። ከዚያ ከሥሩ «አይ» ብሎ ጻፈ። ተቃቀፉ። ሁለቱም ትከሻቸው ይነቀነቃል፤ ድምፅ ስለሌለው ሣቅ ይሁን ልቅሶ ከኋላ አይለይም። የሹፌሩ ልጅ ወደ እኔ ዞር አለች፣ እኔም ወደ እሷ።

ስንቀመጥ ባሌ «የዘጋችብን እሷ ናት» ብሎ አሳየኝ። ሹፌሩ ከላይ እስከ ታች ተመለከተኝና ሰሌዳውን አነሣ፦ «ቆንጆ ሴት መስዬያት ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ባሌ ግን እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ ኮሪደር ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ብዙ አልቆየም፣ አነሣው።

ልጁ ምሳ አቀረበች። ለእኛ ዳቦና ወጥ፣ ለባሌ በወተት የተፈጨ ድንች። ባሌ ሳህኑን አየ፣ ሹፌሩን አየ፣ ገፋው። «እሱ ፊት አልበላም» አለ።

ሹፌሩ ሳህኑን መልሶ ገፋለት። ጻፈ፦ «ልየው።» ወንበሩን ስቦ ከባሌ ጉልበት ጋር እስኪነካካ ተጠጋ።

ባሌ ማንኪያውን አነሣ። የመጀመሪያው ሲወርድ ዓይኑን ጨፍኖ ነው፤ ጠረጴዛውን የያዘበት ጣቱ ነጣ። ሁለተኛው ብዙ ቆየ። ሦስተኛው ላይ ትን አለው፣ ልጅቷ ውኃ ልታመጣ ስትነሣ ሹፌሩ በእጁ አስቀመጣት። ባሌ እንባውን ጠርጎ ቀጠለ። እኔ ባሌን አላየሁም፤ የሹፌሩን ጉሮሮ ነበር የማየው። ባሌ በዋጠ ቁጥር የሱም አንገት አብሮ ይሳባል፣ ይወርዳል፣ ቱቦው ጉንጩ ላይ ይንቀሳቀሳል። ባዶ ይውጣል። ሩብ ሰዓት፣ ምናልባት ከዚያም በላይ ፈጀ። ወጡ ፊታችን ላይ ቀዝቅዞ ረጋ።

ባሌ የመጨረሻውን በማንኪያው ጠርዝ ጠርጎ በላው። ሹፌሩ ባዶውን ሳህን ከእጁ ተቀበለው፤ ልጁ ልትወስድለት ብትል አልሰጣትም። ራሱ ሊያጥበው ወደ ወጥ ቤት ሄደ።